ኮምፒውተሬ የረሳኝ ዕለት

ኮምፒውተሬ ከሰነበተበት ሕመም ድኖ ቤት ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ጠጋኙ ወጣት ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጭኖ ሲያስረክበኝ «ጋሼ፣ ጽሑፎችዎን ወደ ቦታቸው መልሻቸዋለሁ፤ የጠፋ ነገር የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከጽሑፎቼ አንድም አልጎደለም። ዎርድን ከፍቼ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀይ ተሰመረባት።

«እናቴ» ቀይ። «እንጀራ» ቀይ። «አዲስ አበባ»ም ሳትቀር ቀይ። አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ የኖረ ዕቃ እንደ ባዳ አየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኔ ዎርድ አማርኛ አልተማረም፤ የማያውቀውን ቃል ሁሉ ስሕተት ይለዋል። እኔም በጻፍኩ ቁጥር አንድ አንዱን ቃል እየጠቆምኩ «ይህ ስሕተት አይደለም፤ መዝግበው» ስለው ኖሬያለሁ። አማርኛችን ደግሞ ቃሉን ከፊትም ከኋላም ያስረዝመዋል። «ቤት»ን ቢያስተምሩት «ቤታችን»ን አያውቅም፤ «ቤታችን»ን ሲለምድ «ከቤታችን» ይመጣበታል፤ «ለቤታችንም» ሲሉት ደግሞ እንደገና ይደነግጣል። በዚህ ላይ አጫጭር ምልክቶቼ አሉ፤ «ዓም» ብዬ ስጽፍ «ዓመተ ምሕረት» ብሎ ይዘረጋልኝ ነበር። የገጹ ኅዳግ፣ የፊደሉ መጠን፣ የመስመሩ ስፋት ሁሉ በእኔ ልክ የተሰፋ ነበር። ለወጣቱ ይህ ሁሉ «ሴቲንግ» ነው።

ደወልኩለት። ሳይስቅብኝ አልቀረም፤ ግን እግዜር ይስጠው፣ ዲስኩን ፎርማት ሳያደርግ በላዩ ላይ ነበር የጫነው። እንዲህ ሲሆን ዊንዶውስ የቀድሞውን ጓዝ «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል ፎልደር ያስቀምጠዋል፤ ቀን ቆጥሮም ራሱ ሊያጠፋው ይችላል። «ቶሎ ይበሉ» አለኝ። በስልክ እየመራኝ ገባሁ፤ «ዩዘርስ»፣ ከዚያ የእኔ ስም፣ ከዚያ «አፕ ዳታ»። ይህቺ የመጨረሻዋ የተደበቀች ፎልደር ናት፤ ጽሑፎቼ ሲመለሱ እሷ የተረሳችውም ለዚህ ነው። የገጼ መልክ «ኖርማል» በሚባል ፋይል፣ ምልክቶቼ በሌላ ፋይል፣ ቃላቱ ደግሞ «ከስተም ዲክ» በሚባለው ውስጥ ተቀምጠዋል። ዎርድን ዘግቶ ወደ አዲሱ ቦታቸው መገልበጥ ብቻ ነው።

ከመገልበጤ በፊት የቃላቱን ፋይል በኖትፓድ ከፈትኩት። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ባይካተት ኖሮ የማይነበብ ጭረት በሆነብኝ ነበር፤ በድሮዎቹ ፎንቶች የጻፍን ሰዎች ያንን መከራ እናውቀዋለን። አሁን ግን አንዱ ከአንዱ ሥር ተሰልፎ ተነበበ። የልጄ ስም አለ። ለእናቴ ሙት ዓመት ስጽፍ የመዘገብኳቸው «አደግድጋ» እና «መሶቧን» አሉ። ከአንድ ሰሞን የቤት ክርክር የተረፉት «ይግባኝ» እና «አቤቱታዬን»ም አሉ፤ እነዚያን ሳያቸው ወገቤን አመመኝ።

ከዚያ «ሠላም» ላይ ደረስኩ። በንጉሡ «ሠ»! የአማርኛ መምህሬ ይህን ቢያዩ ጆሮዬ አይተርፍም ነበር። ዕቃው ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብሎ ያሳለፈኝ እኔው ራሴ ትክክል ነው ብዬ ስላስተማርኩት ነው። ጥቂት ዝቅ ብሎ «ሰላም»ም አለ። ሁለቱንም አምኖኛል።

«ሠላም»ን ሰርዤ፣ ሴቭ አድርጌ ፋይሉን ገለበጥኩት። ዎርድን መልሼ ስከፍት እናቴ ከቀዩ መስመር ወጥታ ነበር።