ተቀምጦ ለሚያድር በሽተኛ

ጤነኛ ሰው ሌሊቱ መቼ እንዳለፈ አያውቅም፤ ልቡ የደከመ በሽተኛ ግን ዶሮ እስኪጮኽ ድረስ ሲቆጥረው ያድራል። ልብ ደምን በሚገባ መግፋት ሲያቅተው ውሃ በሳንባና በእግር ይጠራቀማል። በሽተኛው ሲጋደም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ትራስ ደርድሮ፥ ተቀምጦ ያነጋል። ይህም ሕመም በአገራችን የሽማግሌ ብቻ አይደለም፤ በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስል የልብን ቫልቮች እያበላሸ ብዙ ወጣቶችን ለዚህ ይዳርጋል።

በሸዋ ሮቢት ትኖር የነበረች አንዲት አክስቴ በዚሁ ሕመም ሁለት ዓመት ተሠቃይታለች። የቀወት ቆላ ሙቀት ስለሚያፍናት ሌሊቱን ደጅ፥ ግድግዳ ተደግፋ ታሳልፈው ነበር። ሐኪሙ የሚያድን መድኃኒት እንደሌለ ለወንድሞቿ ነገራቸው፤ እነርሱም «ተስፋ ትቆርጣለች» ብለው ሸሸጓት። አንድ ሌሊት ግን እንዲህ አለችኝ፤ «ልጄ፥ መሞቴን ያላወቅሁ ይመስላቸዋል። እንዳይደነግጡ ብዬ ነው ዝም ያልሁት። የማሾ ዘር ዕዳ አለብኝ፤ ለማን እንደሚከፈል የምነግረው ሰው አጣሁ።»

እነርሱ በፍቅር ዝም አሉ፤ እርሷም በፍቅር ዝም አለች፤ በሁለቱ ፍቅር መካከል ግን ብቻዋን ቀረች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ በሽታውን ከባለቤቱ የሚደብቅስ ምን ይባላል?

ማዳን ባይቻል ማስታመም ይቻላል፤ ማስታመምም ራሱ ሕክምና ነው። ሲስሊ ሳውንደርስ የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን ከተማ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን የከፈተችው በዚህ አሳብ ነው። በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ሕሙማንን በየቤታቸው እየሄደ ያስታምማል። ይህ ጥበብ በይበልጥ የታወቀው በካንሰር ሕሙማን ዘንድ ቢሆንም ለልብ ሕሙማንም ይሆናል። ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ኪኒን፥ ጨው የተቀነሰበት ምግብ፥ አስፈላጊም ሲሆን በሐኪም ትእዛዝ በጥቂቱ የሚሰጥ ሞርፊን የትንፋሹን ጭንቀት ሊያቀልለት ይችላል። ከዚህ ሁሉ ጋር እውነተኛ ቃል ያስፈልገዋል።

ወጣቶች ሆይ! እንዲህ ያለ በሽተኛ ለመጠየቅ ስትሄዱ ጨው የበዛበትን ወጥ ይዛችሁ አትሂዱ። ወሬ አታብዙበት፤ መናገር ትንፋሽ ይፈጅበታልና። አስታማሚው ጥቂት እንዲያሸልብ አንዲት ሌሊት ተክታችሁት እደሩ። በሽተኛው ልቡ ያወቀውን ነገር በለሆሳስ ቢጠይቃችሁም «ኧረ ይድናሉ!» ብላችሁ አትሽሹ፤ በርጩማ ስባችሁ አድምጡት።