ሆት ዶግ ስንት ደቂቃ ይቀቀላል?

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት። ልጅ ከሌሊት ሥራዋ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ፍሪጁን ትከፍታለች። ከተቀደደው ላስቲክ አንድ ሆት ዶግ መዘዝ አድርጋ እንደ ቀዘቀዘ ትገምጣለች። እናት ከምድጃው ዘወር ብለው ያዩዋትና ያማትባሉ።

«ጥሬውን?»

«እማዬ፣ የበሰለ እኮ ነው። ፋብሪካው ራሱ አብስሎ ነው የሚያሽገው።»

«ሲበስል አይተሻል?»

ልጅ ትስቃለች። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

እናት ከደሴ የመጡት ልጃቸው ሌሊት እንድትሠራ፣ የሦስት ዓመቱን የልጅ ልጃቸውን እንዲይዙላት ነው። በዚያ አገር ለሕፃን ማቆያ የሚከፈለው ገንዘብ ከቤት ኪራይ ጋር የሚፎካከር ስለሆነ፣ አያት ማስመጣት የናፍቆት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሒሳብ ጉዳይም ነው። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አምስት ልጅ አሳድገዋል፣ ለሠርግ ድግስ ወጥ ሲሠሩ የሚጠሩ ባለሙያ ነበሩ። አሜሪካ ሲገቡ ግን ትንሹ ልጅ እንጀራውን ጫፉን ልሶ ይመልሰዋል፤ የሚበላው ሆት ዶግ ብቻ ሆነ።

ስሙ መጀመሪያ ላይ አስደንግጧቸው ነበር። «ትኩስ ውሻ» ብሎ የተረጎመላቸው ቀልደኛ ዘመድ ሳምንት ሙሉ ፍሪጁን በፍርሃት እንዲከፍቱ አድርጓል። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን ቀልድ አልነበረም፤ የምን ሥጋ ነው? አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ሆት ዶግ የበሬ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የዶሮ፣ የተርኪና የአሳማ ድብልቅም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ የማያነቡት እናት መላ ፈጠሩ። «ቢፍ» የሚለውን ቃል በቅርጹ ያዙት፤ አራት ፊደል ነው፣ መሃል ያሉት ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። «ፖርክ»ም አራት ፊደል ነው፣ ነገር ግን አንዱም ከሌላው አይመሳሰልም። ታዲያ ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው እንደማይበቃ የተማሩት አንድ ቀን ድብልቁን ገዝተው ከመጡ በኋላ ነው። ከኋላ ያለው የዝርዝር ጽሑፍ ነው የሚታመነው፤ በሕጉ መሠረት በክብደት ብዙ የያዘው በመጀመሪያ፣ ትንሽ የያዘው በመጨረሻ ይጻፋል። አሁን እሳቸው ላስቲኩን ገልብጠው፣ በጣታቸው መስመር ለመስመር እየተከተሉ፣ ያንን የማይመሳሰል አራት ፊደል ይፈልጋሉ። ካላገኙት ይገዛሉ።

መቀቀሉ ሌላ ፈተና ነው። ትልቅ ድስት፣ ብዙ ውሃ፣ ጨው፣ ኃይለኛ እሳት፣ ሠላሳ ደቂቃ። ሆት ዶጉ ሆዱ ተሰንጥቆ፣ ጫፍና ጫፉ እንደ አበባ ተበትኖ፣ ነጣ ብሎ ይወጣል። ትንሹ አንድ ጊዜ ነክሶ ይተወዋል። ውሃው ላይ የቅባት ዓይን ተንሳፎ፣ ሽታው ኮሪደሩን ሞልቶት ይቆያል። እንግዲህ ጣዕሙ የት እንደ ሄደ አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቃል።

እናት ለምን ሠላሳ ደቂቃ እንደሚቆዩ ልጅ ጠይቃ አታውቅም። ጠይቃ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር፤ ቀለሙ እስኪለወጥ ነው የሚጠብቁት። የሚያውቁት ሥጋ ሁሉ ሲበስል ቅላቱ ይጠፋል። ሆት ዶግ ግን በአብዛኛው ሶዲየም ናይትራይት የሚባል ማቆያ ስላለበት ሲበስልም ሮዝ እንደሆነ ይቀራል። ሰዓት ሙሉ ቢቀቀልም እንደሚጠብቁት አይቡንንም። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፤ መቅመስ አይችሉም። ዕድሜ ልኩን ወጥ ቀምሶ ያደገ እጅ፣ ዓይኑ የሚያታልለውንና ምላሱ የማይነካውን ነገር ሲቀቅል ከመጠን በላይ ቢያቆየው አይፈረድበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው ሆት ዶግ ብዙውን ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ የበሰለ ነው። ቤት ውስጥ የሚደረገው ማብሰል ሳይሆን እስከ ውስጡ ማጋል ነው። ሥጋው በጣም ደቅቆ ከስብና ከውሃ ጋር የተለወሰ በመሆኑ፣ ውሃው ሲንተከተክ ውስጡ ይነፋና ቆዳው ይፈነዳል፤ ሲፈነዳ ጨውና ቅባቱ ለድስቱ ይቀራል። ስለዚህ ውሃው መጀመሪያ ይፍላ፣ ከዚያ እሳቱ ይቀነስ፤ ዳር ዳሩን ትንንሽ አረፋ ብቻ ሲያሳይ ሆት ዶጉ ይግባ። ውሃው ሸፈን ካደረገው በቂ ነው። ጨው አይጨመርም፤ አንዱ ሆት ዶግ ብቻውን 500 ሚሊግራም አካባቢ ሶዲየም ሊኖረው ይችላል። በሹካ አይወጋም። ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ አምስት ስድስት ደቂቃ፣ በረዶ የሆነ ከሆነ አሥር ገደማ። ሲወጣ እንፋሎቱ ቡልቅ ማለት አለበት፤ በቴርሞሜትር ለሚለካ ሰው መሃሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አሜሪካኖቹ 165 የሚሉት ነው። ውሃው ጠፈፍ ካለ በኋላ በደረቅ መጥበሻ ላይ አንድ ደቂቃ ማገላበጥ ደግሞ የሚወደድ ነገር ነው። ሰናፍጩን እናት ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የአሜሪካው ግን «ውሃ ያዘለ» ነው ይላሉ፣ አልተሳሳቱም።

ይህን ሁሉ ልጅ ታውቅ ነበር። ለእናቷ ያልነገረቻት ሌሊቱን ሠርታ ስለምትተኛ ነው፤ ወይም ስለ ቋሊማ ሊወራ የሚገባው ያን ያህል አይደለም ብላ ስላሰበች ነው። የማታውቀው ግን ሌላ ነገር ነበር።

በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ከተሰጣት የወረቀት ክምር አንዷን ገጽ ያነበበቻት በስድስተኛው ወር፣ ተራ ስትጠብቅ ነው። ነፍሰ ጡሮች ከማይበሏቸው ምግቦች መሃል ያልሞቀ ሆት ዶግ ተጽፏል። ምክንያቱ ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ፋብሪካው ቢያበስለውም፣ ከበሰለ በኋላ እስኪታሸግ ባለው መሃል ሊገባበት ይችላል። ደግሞም እንደ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ቅዝቃዜ አያስቆመውም፤ ፍሪጅ ውስጥም ይራባል። ነፍሰ ጡር ሴት ከሌላው ሰው በአሥር እጥፍ ገደማ ትጋለጣለች። እሷን ቀለል ያለ ጉንፋን ያስመስልባትና ፅንሱን ሊያስወርድ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ሌላም መስመር አለ፤ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑም እንዲሁ ይጠንቀቁ ይላል። ሁለቱም ሰዎች አንድ ቤት ናቸው።

ሐኪሟ ትኩሳትም ሆነ ሌላ ምልክት ከሌለ ምርመራ እንደማያስፈልግ፣ ትኩሳት ከመጣ ግን በዚያው ሰዓት እንድትመጣ ነገራት። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ቴርሞሜትር ይዛ ሥራ ገባች። ለእናቷ አልተናገረችም። ምን ትበላቸው? «ሲበስል አይተሻል?» ያሉት ሴት ትክክል ነበሩ።

ቁርጥ በሰናፍጭ የሚበሉ ሴት ለቀዘቀዘ ቋሊማ ማማተባቸው የሚያስቀው ሰው ይኖራል። ቁርጡም ቢሆን ለነፍሰ ጡር አይመከርም። ግን ደሴ ላይ በሬው የማን እንደነበር፣ ማን እንዳረደው፣ መቼ እንደታረደ ያውቃሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የሚያውቁት የአራት ፊደል ቅርጽ ብቻ ነው። ያላዩትን አለማመናቸው አላዋቂነት ተብሎ ተሳቀበት እንጂ፣ ከሳቀችው ይልቅ ለወረቀቱ የቀረቡት እሳቸው ነበሩ። ሌላም አለ። ወረቀቱ ላስቲኩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሌላ ምግብና ዕቃ እንዳይነካ ያስጠነቅቃል። እናት የጾሙን ቢላዋና መክተፊያ ከፍስኩ ለይተው የሚያስቀምጡት ለሃይማኖታቸው ነው፤ በዚያ ቤት ሰላጣው ላይ የሆት ዶግ ፈሳሽ ያልደረሰው በእሳቸው ጾም ምክንያት ነው። ልጅ በአንዱ መክተፊያ ሁሉንም ትከትፍ ነበር።

እናት የተሳሳቱበት ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ለትንሹ የሚቆርጡለት ክብ ክብ አድርገው፣ እንደ ሳንቲም ነበር። ልጅ ይህን ያየችው ዕረፍት በወጣችበት ቅዳሜ ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ መዋጥ ለሚቸገሩ ሰዎች ምግብ ማድቀቅ የየቀን ሥራዋ ነው፣ የገዛ ልጇን ሳህን ግን ለወራት አላየችውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ሕፃናትን አንቆ በመግደል ከምግቦች ሁሉ ሆት ዶግን አስቀድሟል። ክብ ነው፣ ልስልስ ነው፣ ስፋቱ ከትንሽ ልጅ የመተንፈሻ ቧንቧ ጋር ይገጥማል፤ ሲሰነቀር እንደ ቡሽ ይዘጋዋል። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ መጀመሪያ በቁመቱ ለአራት ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይደቃል። ተቀምጦ ይበላል፤ እየሮጠ አይጎርስም።

ልጅ ቢላዋውን ከእናቷ እጅ ስትቀበል ያለወትሮዋ ጮኸች። እናት አኮረፉ። ማታ ላይ የቀዘቀዘውን ሆት ዶግ ጉዳይ፣ ወረቀቱንም፣ ቴርሞሜትሩንም ተናገረች። እናት ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እኔም ክብ ክቡን ማን ይነግረኛል?» አሉ።

ስለ ካንሰሩ የሚያነሳ አይጠፋም፤ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ በየቀኑ 50 ግራም፣ አንድ ሆት ዶግ ያህል ማለት ነው፣ መብላት የአንጀት ካንሰር ዕድልን በ18 በመቶ ይጨምራል። ይህ ከሲጋራ እኩል ይገድላል ማለት አይደለም፤ የየቀን ምሳ አይሁን ማለት ነው። በዚያ ቤት አሁን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ሆኗል። በሌላው ቀን ትንሹ ፍርፍር እንዲለምድ እየተሞከረ ነው፣ ውጤቱ እስካሁን ያን ያህል አይደለም።

ትኩሳቱ አልመጣም። ሁለተኛዋ ልጅ በጊዜዋ፣ በሰላም ተወለደች። የተከፈተ ላስቲክ ላይ እናት በእስክሪብቶ ቀኑን በአማርኛ ይጽፉበታል፤ ከሳምንት ካለፈ ወደ ቆሻሻ ነው። ምድጃው ላይ ያለው ውሃ ዳር ዳሩን አረፋ ሲያሳይ እሳቱን ይቀንሳሉ፣ ስልካቸውንም ደቂቃ ያስቆጥራሉ። «የበሰለ ነው» የሚለውን ግን ዛሬም አያምኑም። ሠላሳው ደቂቃ እየወረደ መጥቶ ዘጠኝ ላይ ቆሟል።