የእጅ ሙያ ዋጋ ከየት ይመነጫል?

የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ከዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጋር በሚነጻጸርበት ክርክር ዘወትር የሚደመጠው ወጣቱ ሥራ እንዳይንቅ የሚመክር ቃል ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምክር የማይመልሰው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወይም በያጅ በአንዱ አገር ከባለዲግሪው የማያንስ ገቢ እያገኘ፣ በሌላው አገር የቤት ኪራይ ለመክፈል የሚቸገረው ለምንድን ነው የሚለው ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 የኤሌክትሪክ ሠራተኞች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ፣ ማለትም ከሠራተኞቹ ግማሾቹ ከእርሱ በላይ፣ ግማሾቹ ከእርሱ በታች የሚያገኙት ልክ፣ 62 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ሊፍት የሚገጥሙና የሚጠግኑ ሠራተኞች መካከለኛ ደመወዝ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። በዚያም ልጁ ኮሌጅ እንዲገባለት የሚሻ ወላጅ ብዙ ነው፤ ይሁንና የሙያውን ዋጋ ያቆመው፣ በብዙ ግዛቶች ፈቃድ የሌለው ሰው በሌላ ሰው ቤት የኤሌክትሪክ መስመር እንዳይዘረጋ በሕግ መከልከሉና ፈቃዱም የሚገኘው በባለሙያ ሥር ደመወዝ እየተከፈለው ከ4 እስከ 5 ዓመት ከተለማመደ በኋላ ፈተና በማለፍ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ለዓመታት የሠራ ባለሙያ ወደዚያ ሲሄድ ብዙ ጊዜ እንደገና ከተለማማጅነት እንዲጀምር የሚገደደውም፣ እጁ የሚያውቀውን ሥራ በሰዓት ቆጥሮ የሚመሰክርለት ሰነድ ስለሌለው ነው። በጀርመንም «ጥምር ሥልጠና» በሚባለው ሥርዓት ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜውን በድርጅት፣ ቀሪውን በሙያ ትምህርት ቤት የሚያሳልፍ ሲሆን፣ በኤሌክትሪክና በመሳሰሉት ሙያዎች የራሱን ድርጅት መክፈት የሚሻ ሰው በመደበኛው አካሄድ ማይስተር የተባለውን ከፍተኛ የሙያ ማዕረግ ማግኘት ይጠበቅበታል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ ሥርዓቱ በወረቀት ላይ ከእነዚህ እጅግ የራቀ ሆኖ አይገኝም። ሙያዎች በደረጃ ተከፍለዋል፤ ሠልጣኙ በተቋምና በድርጅት እየተፈራረቀ የሚማርበት የትብብር ሥልጠና አለ፤ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘናም ሠልጣኙ ሥራውን ሠርቶ ማሳየት መቻሉን የሚያረጋግጥ ነው። ጉድለቱ የሚታየው የምስክር ወረቀቱ ከምዘና ጣቢያው ወጥቶ ገበያ ሲደርስ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት የሚያሠራ ሰው መስመር ዘርጊውን የሚመርጠው በዘመድ ወይም በፎርማን ጥቆማ ሲሆን፣ የእጅ ዋጋውን በመብራትና በሶኬት ቁጥር ይዋዋላል፤ ሠራተኛው በየትኛው ደረጃ እንደተመዘነ መጠየቅ ግን እምብዛም አልተለመደም። ከዚያ ግድግዳው ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል። የመሬት ሽቦ በሚገባ ያሰረውና ጨርሶ ያላሰረው፣ ለምድጃ የሚበቃ ውፍረት ያለው ገመድ የዘረጋውና ለአምፖል ብቻ የሚሆነውን የዘረጋው፣ ሥራቸው በልስን ተሸፍኖ አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል፤ ልዩነቱ የሚገለጠው ከዓመታት በኋላ ገመዱ ሲቃጠል ወይም ሰው በኤሌክትሪክ ሲያዝ ነው። ገዢው መልካሙን ከመጥፎው መለየት ባልቻለበት ገበያ ዋጋው ወደ ርካሹ ሠራተኛ ልክ ይወርዳል፤ ጥንቃቄ የሚያደርገው ባለሙያ ለጥንቃቄው የሚከፍለው ስለማያገኝ ወይ ጥራቱን ይቀንሳል፣ ወይ ሙያውን ይተዋል፣ ወይም ይሰደዳል። የሙያተኛው ገቢ ማነስ ዋናው ምንጭ እዚህ ላይ ነው።

ለእጅ ሙያ ያለው ንቀትም ቢሆን ሥር የሌለው አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን የእጅ ባለሙያ በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ አዋጁ ማስፈለጉ ራሱ ስድቡ ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደነበር ይመሰክራል። ክብር ከርስት ጋር ተያይዞ በሚቆጠርበት ዘመን፣ እንደ ቤተ እስራኤል ያሉ ማኅበረሰቦች ርስት ተነፍገው በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ስለነበር፣ ስድቡ በአዋጅ ቢከለከል እንኳ የቆመበት የኑሮ ሥርዓት አልተነካም። ዘመናዊው ትምህርትም፣ ምንም እንኳ በ1930ዎቹ እንደ ተግባረ እድ ያለውን የሙያ ትምህርት ቤት ቢያቋቁም፣ የቆየውን ሚዛን በሌላ መልክ አስቀጠለው፤ ለረጅም ዓመታት የ10ኛ ክፍል ፈተና ከፍ ያለ ውጤት ያመጣውን ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣውን ወደ ሙያ ሥልጠና የሚለይ ወንፊት ነበር። ያ ፈተና ከቀረ በኋላ ወንፊቱ ወደ 12ኛ ክፍል ተዛወረ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ በመሆናቸው፣ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ወደ ሙያ የሚያስገባውን በር የሚያገኙት ሌላው በር ከተዘጋባቸው በኋላ ነው። በሂሳብና በፊዚክስ ጎበዝ የሆነ ተማሪ የኤሌክትሪክ ሥራን አስቀድሞ እንዲመርጥ የሚያደርግ መንገድ ባልተዘረጋበት፣ ሙያን አክብሩ የሚለው ምክር ብቻውን ተማሪውን አይስብም።

የእጅ ሙያ ሁሉ ምቹ ነው ማለትም አይቻልም። ጀርባና ጉልበት ይጎዳል፣ ግንባታ ሲቀዘቅዝ ገቢ ይቋረጣል፣ በቀን ሒሳብ የሚሠራው ብዙ ጊዜ የጡረታ ዋስትና የለውም፤ ይህን ደብቆ ወጣትን ወደ ሙያ መጥራት ታማኝነት ይጎድለዋል።

ሁኔታው ሊለወጥ የሚችልበት አንዱ መስክ በጋራዦች አካባቢ ይታያል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል፤ የእነዚህ መኪኖች ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚይዝ በመሆኑ፣ ሞተርን በድምፁ ብቻ የሚለየው ነባር መካኒክ እንኳ ያለ አዲስ ሥልጠና ሊነካው አይገባም። እንዲህ ባለው ሥራ የመኪናው ባለቤት የብቃት ማረጋገጫ መጠየቁ ለራሱም ይጠቅመዋል፤ መጠየቁ ከተለመደ ደግሞ የሠለጠነው መካኒክ ዋጋ ካልሠለጠነው ይለያል።

ይህ ልማድ የግድ ከመንግሥት ብቻ እስኪመጣ ሊጠበቅ አይገባም። ቤት የሚያሠራ ሁሉ የእጅ ዋጋ ከመዋዋሉ በፊት የመስመር ዘርጊውን የምዘና ወረቀት ይጠይቅ፤ ግድግዳው ሳይለሰን ሥራውን ሌላ የተመዘነ ባለሙያ እንዲያይለት ያድርግ፤ በሚገባ ለሠራውም ከሰፈሩ ተለምዷዊ ዋጋ በላይ ይክፈል።