የመስከረም ማስነጠስና የጉንፋን ክኒን

ክረምቱ አልፎ ምድር በአደይ አበባ በምታጌጥበት ወራት እናታችንን በየዓመቱ ያስነጥሳቸዋል፤ ዐይናቸውን ያሳክካቸዋል፤ ከአፍንጫቸውም እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ይወርዳል። እኛም ይህን ሁሉ ዘመን «ጉንፋን ያዛቸው» ስንል ኖርን።

በ2015 ዓ.ም. በደመራ ዕለት የጉንፋን ክኒን ገዝተን ሰጠናቸው። ራሳቸውን ስላመማቸውም በቤት የነበረውን ፓራሲታሞል ጨመርንላቸው። የደም ግፊት እንዳለባቸው እያወቅን ለመድኀኒት ሻጩ አልነገርንም፤ እርሱም አልጠየቀንም። በዚያው ሌሊት ልባቸው ክፉኛ ይመታ ጀመር፤ ከአልጋ ሲነሡም ተንገዳግደው ሊወድቁ ሲሉ ደግፈን ያዝናቸው። ሲነጋ በጤና ጣቢያ ቢለካ ግፊታቸው ከወትሮው እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ነርሷ የክኒኑን ማሸጊያ ተቀብለው አነበቡልን። በአንዱ ክኒን ሦስት መድኀኒት ነበረበት። ፕስዩዶኤፌድሪን የታፈነ አፍንጫን የሚከፍተው የደም ሥርን በማጥበብ ስለ ሆነ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ክሎርፌኒራሚን ያፈዛል፥ እንቅልፍም ያመጣል፤ ሦስተኛው ያው እኛ ለብቻው የደገምነው ፓራሲታሞል ነበረ። እናታችንም ቀና ብለው፥ «በፍቅር ሰጣችሁኝ እንጂ መቼ ጠየቃችሁልኝ» አሉን።

ስለዚህ ያን ዕለት የተማርነውን ለአንባብያን ማካፈል ይገባናል። ጉንፋን ከቫይረስ የሚመጣ ሲሆን ጉሮሮን ያከረክራል፥ ሰውነትን ይቈረጥማል፥ አንዳንዴም ያተኵሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይለቃል። ክኒኑ ስሜቱን ያስታግሣል እንጂ ቫይረሱን አያጠፋም፤ አሞክሲሲሊንና መሰሎቹም አይረዱትም። አለርጂ ግን ያሳክካል እንጂ አያተኵስም፤ የአበባው ብናኝ እስካለ ድረስም ለሳምንታት ይቈያል። ለዚህ ሎራታዲን ወይም ሴቲሪዚን ብቻውን ይበቃል፤ ለዐዋቂ ሰው ልኩ በቀን አንድ ጊዜ 10 ሚሊግራም ነው። ፓራሲታሞል ለጤነኛ ዐዋቂ እንኳ ከየትኛውም ክኒን ተደምሮ በቀን ከ4 ግራም፥ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ከ6 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የጉንፋን መድኀኒት አይሰጥም።

ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኀኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል። እንግዲያስ ከጸሎታችን ጋር ማሸጊያውን ማንበብ፥ የበሽተኛውንም ነገር ሳይደብቁ መናገር የእኛ ድርሻ ነው። በ2016 ዓ.ም. እናታችን ሐኪም ያዘዘላቸውን ሎራታዲን ብቻ ወስደው ከደመራው አጠገብ በእልልታ ቆሙ። ስሙ የተመሰገነ ይሁን።