መብራት ሲበዛ

ጓደኛችን አገር ለቅቃ ስትሄድ አልጋዋን ሸጠች፣ መጻሕፍቷን አከፋፈለች፣ አኳሪየሟን ግን አብረናት ለኖርነው ለሁለታችን በአደራ ተወችልን። 60 ሊትር ውሃ፣ ሰባት ጉፒ ዓሦች፣ ድንጋይ ላይ የታሰሩ ሦስት አኑቢያሶች። (አኑቢያስ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣ፣ ቅጠሉ ወፈር ያለ፣ ዕድገቱ ኤሊን የሚያስመሰግን ተክል ነው።) "ዓሦቹን በቀን አንዴ አብሉ፣ መብራቱን ደግሞ አታብዙ" አለችን። የመጀመሪያውን ሰማን።

ሁለተኛውን እንዴት እንስማው? መብራት ሄደ፣ መጣ ሲባል ያደገ ሰው "መብራት በዛ" የሚባል ነገር አይገባውም። ጠዋት 12 ሰዓት ስንነሳ እናበራለን፣ ማታ 5 ሰዓት ስንተኛ እናጠፋለን። 17 ሰዓት ሙሉ! ደግነት መስሎን ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ፣ የአኑቢያሶቹም ቅጠል ላይ ነጠብጣብ ወጣ። አልጌ ነው። ጓደኛችን በቴሌግራም "እስቲ ፎቶ" ባለች ቁጥር ንጹሑን ጥግ መርጠን እንልክላታለን። ጋዜጠኝነት ተምረን ያተረፍነው ይኼን ነው፤ ካሜራ በየት በኩል እንደሚያዝ!

ቆይተን ነገሩን አጣራን። ተክል ብርሃንን የሚጠቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዳበሪያ ባገኘው ልክ ነው። አኑቢያስ ደግሞ በትንሽ ብርሃን የሚኖር ዝግተኛ ነው፤ የተረፈውን አልጌው ይቀልበዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ገንዳ ሲጀመር በቀን 6 ሰዓት ይበቃል፣ ከተስማማው ቀስ ብሎ ወደ 8 ከፍ ይላል። ዋናው ግን በየቀኑ በአንድ ሰዓት መብራቱና መጥፋቱ ነው።

ታይመር ገዛን። ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ በራሱ የሚዞር፣ ዙሪያውን 96 ጥርስ ያለው፤ አንዱ ጥርስ 15 ደቂቃ ነው። ከቀኑ 11 እስከ ማታ 5 እንዲያበራ ጥርሶቹን በኛ አቆጣጠር ሞላን፤ የአሁኑን ሰዓት ግን ከሞባይላችን አይተን በፈረንጅ አስተካከልነው። ውጤቱ? መብራቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ ባዶ ቤት ሲያበራ ይውልና፣ ልክ 11 ሰዓት ላይ እኛ በር ስንከፍት ድርግም!

እሱን አስተካክለን ሳንጨርስ ሌላ መጣ። አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለውሃ ስንነሳ ሳሎኑ ቦግ ብሏል። ለካ ታይመሩ ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲሄድ እሱም ይቆማል፣ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። በዚያ ሳምንት መብራት በድምሩ 5 ሰዓት ጠፍቶ ስለነበር የዓሦቹ ቀን በ5 ሰዓት ተገፍቷል። ከዚያ ወዲህ "መብራት መጣ!" ሲባል ጎረቤት ወደ ቻርጀሩ፣ እኛ ወደ ታይመሩ እንሮጣለን።

ባለፈው እሁድ ደፍረን ሙሉውን ገንዳ አንስተን ላክንላት፣ ከነነጠብጣቡ። የተበላሸ ቅጠል አይመለስም፣ ይቅርታም ጠየቅን። ትንሽ ዝም አለችና "ከድንጋዩ በስተግራ ያለችውን አይታችኋታል?" ብላ ጻፈች። አላየንም ነበር። ጥፍር የምታክል አዲስ ቅጠል፣ አንድም ነጠብጣብ የሌለባት። እሷ ከዚያ ማዶ ሆና አየቻት።

እንግዲህ ወዳጆቻችን፣ መብራት በሰዓቱ ይምጣላችሁ። በሰዓቱም ይጥፋላችሁ!