የአባቴ መኪናና ያልተጻፈችው መስመር

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ሰው የሚማረው በትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ባይኖርም፣ ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው ቤቱም ደጁም መንገዱም ትምህርት ቤት ነው። እኔም በዚህ በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ጥቂት ቃል እንድጽፍ ዕድል ስለ ደረሰኝ፣ ስለ ሩቅ አገር ከመጻፍ ይልቅ በግቢያችን ከጽድ ዛፍ ሥር ስለምትቆመው ስለ አባቴ አሮጌ መኪና መጻፍን መረጥሁ። አንባቢዎቼ «ስለ መኪና ደግሞ ምን የሚጻፍ አለ?» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ፤ ነገሩ ስለ መኪና ብቻ አይደለምና።

ቤታችን ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ምሥራቅ፣ በጎሮ በኩል ነው። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የጣሪያችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ የሚነጋገር ሰውም ንግግሩን አቋርጦ ድምፁ እስኪርቅ ይጠብቃል። ከላይ እንዲህ ያለ ታላቅ ሞተር እያለፈ፣ ከታች ደግሞ አባቴ ሸሚዙን ሰብስቦ ከትንሿ ሞተራችን ጋር ሲታገል ማየት የልጅነቴ ትዝታ ነው።

መኪናችን ቶዮታ ሂሉክስ ፒክ አፕ ናት። የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1989 ስለሆነ በዕድሜ ከእኔ እጅግ ትበልጣለች። ሞተሯ በናፍጣ የሚሠራ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2,446 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ ነው። አባቴ የቤት ዕቃና የግንባታ ዕቃ እየጫነ በእርስዋ ያስተዳድረናል። የእኔ ደብተር፣ የእኅቴ ጫማ፣ የቤታችን ጤፍ ሁሉ ከእርስዋ ይወጣል። ስለዚህ በጧት «አልነሣም» ያለች እንደ ሆነ በቤታችን የሚሆነውን ጭንቀት መዘርዘር አያስፈልግም።

የናፍጣ ሞተር ነገር እንዴት እንደ ሆነ አስቀድሜ ልግለጽ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በሚገባ ያሠራው ይህ ሞተር፣ እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ እሳት እየፈነጠቀ የሚያቀጣጥለው አይደለም። በሲሊንደሩ ውስጥ የገባው አየር ብቻውን ይታመቃል፤ በእኛ መኪና እመቃው ወደ 22 እጥፍ ይደርሳል። አየር ሲታመቅ ይግላልና ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ናፍጣው ከ100 ባር በሚበልጥ ግፊት ሲረጭበት ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። በብርድ ጧት ግን ብረቱ ስለሚቀዘቅዝ፣ ማሞቂያ ካንዴላ የሚባሉት አራት ትንንሽ ዘንጎች ከባትሪ ኤሌክትሪክ እየወሰዱ አስቀድመው ያሞቁታል። እንግዲህ የናፍጣ ሞተር የሚፈልገው አየርን፣ እመቃን፣ ሙቀትንና በሰዓቱ የሚደርስ ናፍጣን ነው። አልነሣ ሲል ከእነዚህ ማን እንደ ጎደለ መጠየቅ ነው እንጂ በመዶሻ መምታት ጥቅም የለውም።

ሐኪም የበሽተኛውን ምላስ እንደሚያይ፣ መካኒክም የማርሚታውን ጢስ ያያል። ጥቁር ጢስ ናፍጣ በዝቶ ወይም አየር አንሶ መሆኑን ያመለክታል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ነጭ ጢስ ብዙውን ጊዜ ናፍጣ ገብቶ ሳይቃጠል መውጣቱን ይናገራል። ሞተሪኖው ሲያዞር ቆይቶ ምንም ጢስ ካልታየ ግን ናፍጣው ጨርሶ አልደረሰም።

ለከተማችንም የራስዋ ጠባይ አላት። የቦሌ ምድር ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። የእኛም መኪና ዳገት ስትወጣ የምታቃስተውና ጥቂት የምታጠቁረው ከእርጅና ብቻ ሳይሆን ከዚህም የተነሣ ነው። አውሮፕላኖቹም በሳሳ አየር ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይሻሉ፤ የቦሌ ትልቁ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር የሚረዝምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አንዱ አየር ትልቁንም ትንሹንም ሲፈትን ማየት ያስደንቃል።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ጥገና ያሳለፉና አሁን በጡረታ ያሉ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ አባቴም እኔም ጋሼ እንላቸዋለን። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸውን የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። «ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሄደ፤ ቃሉ ግን ከመካኒክ አፍ አልወጣም» ብለው ይሥቃሉ። ከሁሉ አስበልጠው የሚያስተምሩት ግን ስለ ደብተር ነው። አባቴ በእርሳቸው ምክር ለመኪናዪቱ አንድ ደብተር አበጅቶ፣ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የተሠራውን ሥራ ይጽፍባታል። የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጡ፣ 100,000 ሲሞላ የሞተሩ ቺንጋ መቀየሩ ሁሉ በዚያ አለ። ጋሼ «በአውሮፕላን ቤት ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቈጠራል» ይላሉ። እኔ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምቼ ነበር፤ መስማትና መረዳት ግን የተለያዩ ናቸው።

ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነው። አባቴ አዲስ የናፍጣ ፊልትሮ ገዝቶ «ቅዳሜ አብረን እንቀይረዋለን» ብሎ በመደርደሪያ ላይ አኖረው። በመካከሉ ለለቅሶ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደ። እኔም ብቻዬን ብቀይረው ያደንቀኛል ብዬ አሰብሁ። አሮጌውን ፈታሁ፤ የአዲሱን የጎማ ቀለበት በናፍጣ አርጥቤ በእጄ አጠበቅሁት፤ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እስክትጠነክር ድረስ ተጫንሁ። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በደብተሩ ሳልጽፍ፣ አባቴን ቅዳሜ ለማስደነቅ ባዶውን ካርቶን ወደ ነበረበት መደርደሪያ መለስሁት።

አባቴ ተመልሶ በማግሥቱ ጧት ቁልፉን ቢያዞር ሞተሪኖው ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይነሣም። ከብዙ ልፋት በኋላ ተነሣ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን የሰው ዕቃ እንደ ጫነች በመንገድ ላይ ቀጥ አለች፤ ባለ ዕቃውም ተቈጥቶ ሌላ መኪና ጠራ። እኔ ግን ፈራሁ። መጀመሪያ ለማስደነቅ ብዬ የደበቅሁትን ነገር፣ አሁን ላለመወቀስ ደበቅሁት። ቅዳሜም ሲደርስ አባቴ በችግሩ ምክንያት ፊልትሮውን ረስቶ መኪናዪቱን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። በዚያም «የናፍጣው ፖምፓ ደክሟል፤ ወርዶ መታደስ አለበት» ተባለ። የተጠየቀው ዋጋ እናቴ በዚያ ወር ከደረሳት ዕቁብ ጋር የሚተካከል ነበር። ያ ገንዘብ ደግሞ ለእኅቴ ትምህርት የታሰበ ነው።

አባቴ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ጋሼን አማከረ። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው መጡ። ባትሪውን አዩ፤ ደኅና ነው። ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ከሽቦአቸው ለይተው አንድ በአንድ በመብራት ፈተኑ፤ አራቱም ይሠራሉ። ቁልፉ ሲከፈት ናፍጣ የሚያሳልፈው የኤሌክትሪክ መዝጊያ «ቀጭ» ማለቱን ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ። ሞተሩ ሲዞር ማርሚታው ጢስ አልሰጠም። የእጅ ፖምፓዋን ቢጫኑ ባዶ ከረጢት እንደ መጫን ሆነ። ከዚያም ቀና ብለው፣

«በናፍጣው መስመር አየር እየገባ ነው። በዚህ ሰሞን ምን ተነክቷል?» አሉ።

«ኧረ ምንም አልተነካም፣ ጋሼ» አለ አባቴ፤ ደብተሩንም አመጣላቸው።

የመጨረሻዋ መስመር የዘይት ለውጥ ነበረች። ጋሼ ደብተሩን ሁለት ጊዜ አገላብጠው አዩና፣ «ሞተር አይዋሽም፤ ደብተር ግን የጻፈውን ሰው ይመስላል» ብለው ዘጉት። ይህን ያሉት ወደ እኔ ሳይመለከቱ ነው። የእጅ መብራቱን ይዤላቸው ነበርና እጄ ሲንቀጠቀጥ ብርሃኑም አብሮ ተንቀጠቀጠ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አውሮፕላኖቹ እየተከታተሉ ሲያልፉ፣ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ያሉት ሰዎች ነፍሳቸውን የጣሉት በአንድ በማያውቁት መካኒክ ፊርማ ላይ መሆኑን አሰብሁ። ያ ሰው እንደ እኔ አድርጎ ቢሆንስ? ከአልጋዬ ተነሥቼ ካርቶኑን አንሥቼ ወደ ሳሎን ወጣሁ። አባቴና እናቴ የዕቁቡን ብር በጠረጴዛ ላይ አድርገው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ባዶውን ካርቶን ከብሩ አጠገብ አስቀመጥሁትና የሆነውን ሁሉ ተናገርሁ።

አባቴ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። በኋላም በዝግታ፣ «መንካትህ አላስከፋኝም። በፊቴ ቆመህ ‹ምንም አልተነካም› ስል መስማትህ ግን አስከፋኝ። እኔን በጋሼ ፊት ሐሰተኛ አደረግኸኝ» አለኝ። እናቴ ምንም ሳትል ብሩን በመሐረብ ቋጠረችው። በዱላ ቢመታኝ ከዚህ ይቀለኝ ነበር።

በነጋታው አባቴ ከሶማሌ ተራ አንድ ክንድ የምታህል፣ ውስጧ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ገዝቶ መጣ። ጋሼ በፊልትሮውና በናፍጣው ፖምፓ መካከል አገናኟት። ሞተሩ ሲዞር በቱቦዋ ውስጥ አረፋ እየተግተለተለ ሲያልፍ በዓይናችን አየን። እኔ «ታዲያ የሚያፈስስ ከሆነ መሬቱ ለምን አልረጠበም?» ብዬ ጠየቅሁ። ጋሼም ሲያስረዱኝ፣ በዚህ ዓይነት ሞተር የናፍጣው ፖምፓ ናፍጣውን ከማጠራቀሚያው ራሱ ስለሚስበው፣ ከፖምፓው በፊት ያለው መስመር ሁሉ በመሳብ ላይ ነው አሉኝ። ስለዚህ ቀዳዳ ቢኖር ሞተሩ ሲሠራ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ መኪናዪቱ ስትቆም ደግሞ ናፍጣው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በጧት የሚገኘው አየር ብቻ ነው።

ፊልትሮውን ፈታነው። የአሮጌው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ከራሱ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር፤ እኔ ሳላይ አዲሱን በላዩ ደርቤበታለሁ። ሁለት ቀለበት ተደራርበው እንደ አንዱ ሊገጥሙ አልቻሉም። አሮጌውን አንሥተን፣ ፊቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገን መልሰን አጠበቅነው። የእጅ ፖምፓዋ ጠነከረች፤ አረፋውም ጠፋ። መኪናዪቱ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። የዕቁቡ ብር ከመሐረቡ ሳይወጣ ቀረ፤ የወጣው የአንዲት ቱቦ ዋጋ ብቻ ሆነ።

አባቴ ደብተሩንና እስክርቢቶውን ሰጠኝ። እኔም የዚያን ዕለት ቀን ልጽፍ ስል ያዘኝ። «የዛሬውን ቀን አይደለም፤ የሠራህበትን ቀን ጻፍ» አለኝ። በሁለት መስመሮች መካከል በጠባቧ ቦታ፣ ፊልትሮውን ማን መቼ እንደ ቀየረ ጻፍሁ። ያች መስመር እስከ ዛሬ ከሌሎቹ አንሳ፣ ተጨንቃ ትታያለች።

ከዚያ ወዲህ ደብተሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማውጫ እየፈታሁ የተጠራቀመውን ውሃ አወጣለሁ፤ ውሃ ለናፍጣ ፖምፓ ብርቱ ጠላት ነውና። ዓመታዊው ምርመራ ደርሶ ቦሎ ስትወስድ የማጅበው እኔ ነኝ። ጢሷንም እጠባበቃለሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጢስ ካንሰር እንደሚያመጣ ስለ መሰከረ፣ መኪናችንን በንጽሕና መያዝ ለጎረቤትም ዕዳ አለብን። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሁላችን ሰምተናል፤ የእኛይቱም ዘመንዋ እያለፈ መሆኑን አውቃለሁ። እስከዚያው ግን እንጀራችን ናት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ በቤታችሁ እንዲህ ያለች መኪና ያለቻችሁ እንደ ሆነ ጥቂት ምክር ልስጣችሁ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር አትግቡ። ናፍጣ በሚረጭበት ቀዳዳ ፊት እጃችሁን አታኑሩ፤ ግፊቱ ቆዳ ይበሳል። በተዘጋ ቤት ሞተር አታስነሡ። ያረጀ ዘይት ወደ ወንዝ አታፍስሱ። ትልቅ ዋጋ የሚጠይቀውን ከመጠርጠር በፊት በቅርቡ የነካችሁትን መርምሩ። ያደረጋችሁትን ደግሞ፣ ቢያምርም ቢበላሽም፣ በቀኑ ጻፉ።