ትጋቴን እናዘዛለሁ

ስንፍናን መናዘዝ ቀላል ነው፤ ሰሚውም ቶሎ ይቅር ይላል። እኔ የምናዘዘው ትጋቴን ነው። በሠፈራችን “ጣቱ እስኪቆስል የሚለማመድ ልጅ” ተብዬ አድጌያለሁ። ዛሬ ጊታር የማስተምራቸው ልጆች ወላጆችም “እንደ እርስዎ ትጉህ ያድርግልን” ይሉኛል። አሜን እላለሁ። ትጋቱ ከየት እንደመጣ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የመጣው ከቅናት ነው። በደርግ ዘመን በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ በዕድሜ የማይበልጠኝ፣ ጊታር ከያዘም ብዙ ያልቆየ አንድ ልጅ ነበር። አንድን ዘፈን አንዴ ከሰማ ኮርዱን ያገኘዋል። እኔ ካሴቱን ስንቴ መልሼ ነው የምይዘው። በዚያ ላይ የቴፑ ድንጋይ ሲደክም ዘፈኑ ይጎተታል፣ ድምፁም ይወርዳል፤ ያኔ ስድስቱንም ክር ከቴፑ ጋር ዝቅ አድርጌ እንደገና መቃኘት አለብኝ። እሱ ይህን ሁሉ ጣጣ አያውቅም። ሌሊት ተነስቼ ጊታር ሳነሳ ይታየኝ የነበረው ሙዚቃው ሳይሆን የእሱ ፊት ነው።

ጣት ደግሞ ለምን እንደሚሠራ አይጠይቅም። ከቅናትም ይሁን ከፍቅር፣ በየቀኑ ክር ከተጫነ ጫፉ ይጠነክራል። አራቱን የግራ ጣቶች በአራት ተከታታይ ፍሬቶች ላይ አንድ በአንድ ማስኬድ፣ ደካማዋን ትንሿን ጣት ከሌሎቹ እኩል ማሠራት፣ ፒኩን አንዴ ወደ ታች አንዴ ወደ ላይ ሳያዛንፉ መምታት፣ ሜትሮኖሙን በዝግታ ጀምሮ እጅ ሳይሳሳት ብቻ ማፍጠን። ይህን ሁሉ አድርጌዋለሁ፤ ሁሉም ሠርቶልኛል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ወዴት እንደሚሄድ ግን ተረቱ አይናገርም።

የኔ ወዴት እንደሄደ ልንገራችሁ። ያኔ ሁላችንም የምንከተለው ሮሃ ባንድን ነበር። ቀድሞ አይቤክስ በሚል ስሙ እ.ኤ.አ. በ1975 ከማህሙድ አህመድ ጋር “ኧረ መላ መላ”ን የሠራው፣ በኋላም የስንቱን ድምፃዊ ካሴት ያጀበው ባንድ ነው። ጊታሪስቱ ሰላም ወልደማርያም፣ ሰላሚኖ የምንለው፣ ከድምፃዊው ሥር አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ሳይሰለች ይመላልሳታል፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ጥቂት ኖታ መልሶ ዝም ይላል። ዘፈኑ የሚቆመው በዚያች ሐረግ ላይ ነው። እኔ እሷን ዘልዬ ሶሎውን ብቻ ነበር የማጠናው። በሐረጓ ማንም አያጨበጭብልኝማ።

አንድ ክራር ደርዳሪ ሽማግሌ ይህን ቶሎ አውቀውብኛል። ትዝታ አብረን ስንጫወት በጣታቸው ክራራቸውን አፍነው “ልጄ፣ ጣትህ ይሮጣል፤ ማን እያባረረህ ነው?” አሉኝ። “ማንም፣ ጋሼ” አልኳቸው። የእሳቸው ክራር ስድስት ክር ነበረው፤ አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ናቸው፣ ስድስተኛው አንደኛውን ይደግማል። ከትዝታ ወደ አምባሰል ለመሄድ ቁጭ ብለው መቃኘት አለባቸው። እኔ ግን በአንድ ክር ላይ ብቻ አሥራ ሁለቱም ግማሽ ድምፆች እጄ ሥር ናቸው። ትዝታ ውስጥ “ፋ” እና “ሲ” የሉም፤ ጊታሬ ላይ ግን ስላሉ አለፍ አለፍ እያልኩ እነካቸው ነበር፤ አዋቂ ለመምሰል። እሳቸው በአምስት ድምፅ ሰው ሲያስለቅሱ እኔ በአሥራ ሁለቱ የማስደንቀው ጊታር የሚማሩ ልጆችን ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። ያገኘሁትን አስቸጋሪ ኮርድ ሌሎቹ እንዳያዩብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እመታ ነበር። ታናሽ እህቴ ለማትሪክ ስታጠና እኔ በአንዲቷ ክፍላችን ያችኑ አራት ኖታ ስቀጠቅጥ፣ ደብተሯን ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች። ዝም በል ያለኝ የለም። እናቴም “ሙያ እየተማረ ነው” ትል ነበር። እኔም ሌላው ዝም ብሎ የከፈለውን የራሴ መሥዋዕትነት አድርጌ ቆጠርኩት።

ያ የቀናሁበት ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ወሬውን ስሰማ ከሁሉ በፊት የመጣልኝ ሐሳብ “ሊድ ጊታሩ የኔ ሆነ” የሚል ነው። ማዘኑ በኋላ መጣ። በደኅና ተመለሰ፤ ወደ ንግድ ገባ፤ ጊታር ግን ዳግም አልያዘም። ስንገናኝ “አንተ እኮ ትጉህ ነበርክ” ይለኛል። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

አስተማሪ ከሆንኩ በኋላም ኃጢአቴ መልኩን ቀየረ እንጂ አልለቀቀኝም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት በበርሊን ከሚማሩ ቫዮሊን ተጫዋቾች ምርጦቹ 20 ዓመት እስኪሞላቸው በአማካይ ከ10,000 ሰዓት በላይ ብቻቸውን ተለማምደዋል። ጸሐፊው ማልኮም ግላድዌል እ.ኤ.አ. በ2008 መጽሐፉ ቁጥሩን ለዓለም አሰራጨው። ኤሪክሰን ግን ቁጥሩ አማካይ እንጂ ደንብ እንዳልሆነ፣ ዋናው የልምምዱ ዓይነት መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። ለተማሪዎቼ ለዓመታት የነገርኳቸው ቁጥሩን ብቻ ነው። ቁጥሩ እኔን ያሞግሰኛል፤ የቀረው ግን ይጠይቀኛል።

አሁን በራሴ ላይ የምፈርደው ይህ ነው፦ ጣቴ ጎበዝ ነው፣ ጆሮዬ መካከለኛ። ጣት ብቻውን በተዘጋ ክፍል ይሠለጥናል። ጆሮ የሚሠለጥነው ግን ሌላ ሰው ሲዘፍን ሥሩ ተቀምጦ፣ ሐረጉን መጀመሪያ በአፍ አንጎራጉሮ፣ የራስን ድምፅ ቀድቶ ሳያፍሩ አዳምጦ፣ መጫወት እየቻሉ ዝም ብሎ ነው። ይህን የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ሶሎ በመጣ ቁጥርም በውስጤ ያ ቀናተኛ ልጅ አሁንም ይቀሰቀስብኛል።

ልጆቻችሁን ለምታመጡልኝ ወላጆች አንድ ልመና አለኝ። “ስንት ሰዓት ተለማመደ?” ብላችሁ አትጠይቁኝ። ማንን ሲያጅብ እንደዋለ ጠይቁኝ።